ቅባት ፍለጋ በሁዳዴ፦ ቢቸናና ሞጣ

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ከአዋሽ ወዲህ ያለውን አገር ሁሉ «ደጋ» ብሎ ነው የሚያልፈው። እኔም ጎጃምን የማውቀው በማሩና በቅኔው ስም ብቻ ነበር። ስለዚህ አለቃዬ «ቢቸናና ሞጣ ትሄጃለሽ» ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ብርዱ ነው። «ሹራብ ያዢ» አሉኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዘይት በቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚታደልበት። የምሠራበት ክፍል ሰው በየቤቱ ምን እንደሚበላ ያጠናል። ያን ዓመት የተሰጠን ጥያቄ የአገሩ ሰው ከቅባት እህል፣ ማለትም ከኑግ፣ ከተልባ፣ ከሱፍና ከመሳሰለው፣ ምን ያህል ቅባት ያገኛል፣ ድሮ ከነበረውስ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል የሚል ነበር። አለቃዬ መልሱን አስቀድመው ያወቁት ይመስላሉ። «እዚያ የኑግ አገር ነው። ሄደሽ አረጋግጪልኝና ከዘይት ዕደላው አውጥተን ለጎደለው አገር እናደርገዋለን» አሉኝ። ጊዜው ሁዳዴ እንዲሆን የተመረጠውም በምክንያት ነው። በጾሙ ቅቤም ወተትም ሥጋም ስለሌለ፣ ድስት ውስጥ የሚገኝ ቅባት ሁሉ ከእህል የመጣ ነው፤ ለመመዘን ይመቻል።

ሰኞ ማለዳ ከሾፌራችን ከጋሽ ደምሴ ጋር በላንድሮቨር ከአዲስ አበባ ተነሣን። ጋሽ ደምሴ በዕድሜ አባቴን ይሆናል፤ እኔ ግን «አንተ» ነው የምለው። ድሬዳዋ አባትም፣ የአባት ጓደኛም፣ ቄሱም «አንተ» ነው፤ ንቀት አይደለም፣ ፍቅር ነው። ጋሽ ደምሴ ለምዶኛል። ከኋላ ሚዛኖቹን፣ መስመር የተሠመረባቸውን ብርጭቆዎችና ብርድ ልብሳችንን ጭነናል። ፍቼ ላይ ሽሮና ጎመን በላን። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ሹራቤን አወለቅሁ። ትንሽ ወረድ ስንል መስኮቱን ከፈትሁ። ታች ስንደርስ አየሩ የቤቴን ሆነ፤ ደረቅ፣ ትኩስ፣ የጋለ ድንጋይ የሚሸት። ደጋ እሄዳለሁ ብዬ ድሬዳዋ የገባሁ መሰለኝ።

ድልድዩ ዘንድ ኬላ አለ። አንድ ወታደር ዕቃችንን ሲፈትሽ ትልቁን ሚዛን አነሣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሚዛን።»

«ምን ልትመዝኑበት?»

«ወጥ» አልሁት፤ እውነቱ እሱ ነው።

ጓደኛውን ጠራው። ሁለቱም አገላብጠው አዩት። «ወጥ ነው አሉ የሚመዝኑበት» አለው። ጓደኛው ትንሽ አሰበና «በሁዳዴ ደግሞ ምን የሚመዘን ወጥ አለ?» አለ። ከዚያ አሳለፉን። ይህ ሰው ሥራዬን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደነገረኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ዳገቱን ወደ ደጀን ስንወጣ መኪናው ፈላ። የያዝነውን ውሃ ራዲያተሩ ጠጥቶ ጨረሰው። ከአንድ መታጠፊያ ላይ ድንጋይ ከጎማው ሥር አድርገን ተቀምጠን ሳለን እህል የጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና መጣና ቆመ። ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቅ የውሃ ጀሪካን አወረደ። ከዚያ ከመቀመጫው ሥር አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣ። «ውሃው ለመኪናው ነው፤ ይሄ ለእናንተ» አለ። ተቆልቶ ከጨው ጋር የተወቀጠ ኑግ ነበር፣ በገብስ ቆሎ የሚበላ። ጥቁር ነው፤ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ሲያኝኩት ዘይቱ አፍ ይሞላል። እኛ አገር ዘይት በቆርቆሮ ሆኖ ከባቡር ሲወርድ ነው የሚታወቀው። ዘይት በጥርስ ሲጨመቅ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነበር። ደጀን ስንገባ መሽቶብን ስለነበር እዚያው አደርን።

ማክሰኞ በጠጠሩ መንገድ ወደ ቢቸና ሄድን። አገሩ ሜዳ ነው፤ አጨዳው አልፎ መሬቱ ገለባ ብቻ ቀርቶበታል። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ከከተማው ዳር ወዳለ የገበሬ ማኅበር መራን። ሊቀመንበሩ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ ደብዳቤያችንን ቆሞ አነበበና «ነገውኑ ትጀምሪያለሽ፤ ለሕዝቡ አስነግራለሁ» አለኝ። ማደሪያዬንም እሱ ወሰነ። «ሴት ልጅ ብቻዋን ሆቴል አታድርም» ብሎ ከቅኔ መምህሩ ከመሪጌታ ላቀው ቤት ወሰደኝ። ጋሽ ደምሴ ከተማ አልጋ ያዘ።

መሪጌታ ላቀው ጢማቸው የነጣ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ እጄን ይዘው አስገቡኝ። እኔም በጣም ደስ ብሎኝ፣ በአገሬ ልማድ፣ «መሪጌታ፣ እንዴት ነህ?» አልኋቸው። ሊቀመንበሩ ጫማውን አየ። ጋሽ ደምሴ ከበሩ ሆኖ «የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ይቅር በሏት» አለ። ያጠፋሁት ሲገባኝ ፊቴ ነደደ።

መሪጌታ ግን ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ተዋት። እግዚአብሔርንም አንተ ነው የምንለው» አሉ።

ወይዘሮ የሺ ሳቁ፤ ቤቱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም «እርስዎ» ስል ቆየሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሚዛኔን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቤት በሩ ተዘግቷል። የሁለተኛውም። ሦስተኛው ጋ አንዲት ሴት በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉና «እኛ ቤት የለም» አሉኝ።

«ምን የለም?»

«የምትጠይቂው።»

«ገና ምን ጠየቅሁ?»

«ሰምተናል» ብለው ገቡ።

እንዲህ እንዲህ እየተባልሁ የመንደሩ መጨረሻ ደረስሁ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሰላም ስላቸው በዘንጋቸው ወደ ሚዛኑ አመለከቱ። «ልጄ» አሉ ረጋ ብለው፣ «አባቶቻችን ስንት ዘመን የተከራከሩበትን ነገር በዚህ ልትመዝኝው ነው የመጣሽ?»

ምንም አልገባኝም። ወደ መሪጌታ ቤት ተመልሼ የሆነውን ነገርኋቸው። «ሊቀመንበሩ ምን ብሎ ነው ያስነገረው?» አሉኝ። ወይዘሮ የሺ ሰምተው ነበር፤ «ከአዲስ አበባ የመጣች ባለሙያ ከነገ ጀምሮ በየቤቱ እየዞረች የእያንዳንዱን ሰው ቅባት ትመዘግባለች» ነበር የተባለው።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ አስቀምጠው አስረዱኝ። በዚያ አገር «ቅባት» የሚለው ቃል ከምግብ በፊት የሃይማኖት ነገር ነው። አያቶቻቸው ስለ ክርስቶስ መቀባት እንዴት ይነገር ብለው የተከራከሩበት፣ ጉባኤ የተከፈለበት ትምህርት ስሙ ቅባት ነው። ክርክሩ ካለፈ ዘመን ቢሆነውም ሰው አልረሳውም። የመንግሥት ሰው ማን ቅባት እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ ቤት ለቤት ሊመዘግብ መጣ ብሎ ነበር አገሩ የተዘጋው። «እኛ ዘንድ ይህ ቃል ሆድ ሳይገባ ራስ ላይ ይወጣል» አሉኝ።

እኔ በቢሮ ቋንቋ ቅባት፣ ቅባት ስል ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እንዲህ የሚያስፈራ ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር። መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ለሕዝቡ ተናገሩልኝ፦ «ልጅቱ የምትመዝነው ድስት ነው፤ ሃይማኖት አይደለም። ኑጉን፣ ተልባውን፣ ዘይቱን ነው የምትጠይቀው። ቤታችሁ ገብታ ወጣችሁን ታይ፤ ጾመኛ ናት፣ አትበላባችሁም።» መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘንግ የያዙት ሽማግሌ ደግሞ ወደ እኔ መጥተው «የእኔ እንኳ ድስት ከሆነ ባዶ ነው» አሉኝ።

ሐሙስ በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ። ጭራሽ ከመጠን በላይ ተከፈቱ። የገባሁበት ቤት ሁሉ ወጡ ላይ ዘይት ተኝቷል። ሽሮው ያብለጨልጫል፤ ምስሩ ጠርዙ ድረስ ቀይ ዘይት አለው። በየቤቱ ያለውን እየለካሁ ጻፍሁ፤ ሴቶቹም ጠርሙሱን ራሳቸው አምጥተው «ይኸው፣ ይሄን ያህል ነው የጨመርሁት» ይሉኛል። ማታ ሥራዬን ስመለከት አለቃዬ ልክ ነበሩ፤ የኑግ አገር ነው፣ ቅባት አይጎድልም። ሥራው ቀለለኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ዓርብም እንደዚያው ሆነ። ከሰዓት በኋላ ግን ከአንድ ቤት ወጥቼ ጥቂት እንደሄድሁ አንዱን ብርጭቆ እንደረሳሁ ትዝ አለኝና ተመለስሁ። በጓሮ በኩል ስዞር የቤቲቱ ባለቤት በአጥሩ ላይ ለጎረቤቷ አንድ ነገር በነጠላ ሸፍና ስታቀብል አየሁ። የጎረቤቷ ቤት ቀጥሎ የምገባበት ነው። ነጠላው ተገለጠ። አረንጓዴ ጠርሙስ ናት፤ አንገቷ ላይ የተሸረፈች፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈች።

አወቅኋት። ጠዋት አንደኛው ቤት ወደ ብርሃን አንሥቼ ያየኋት ናት። ትናንትም ያየኋት ናት። እኔ በፊት በር ስወጣ እሷ በጓሮ ትወጣለች፤ እኔ ከመድረሴ በፊት እሷ ደርሳ ትጠብቀኛለች። ሁለት ቀን ሙሉ የመዘንሁት የመንደሩን ዘይት ሳይሆን ያችኑ አንዲት ጠርሙስ ነበር።

ምን ልበል? ሴቶቹን ፊት ለፊት ብናገር ማሳፈር ነው። ብርጭቆዬን ተቀብዬ፣ ጎረቤት ገብቼ፣ ጠርሙሷን እንደ አዲስ አይቼ፣ ለክቼ ወጣሁ። ማታ ግን ለወይዘሮ የሺ ነገርኋቸው።

«የእኔ ናት» አሉ ሳይደብቁ። «ዘይቱን የአንድ ተማሪ ወላጆች በገንቦ ለመሪጌታ ያመጡት ነው፤ ጠርሙሷ ስትጎድል እሞላታለሁ። አሁን በዚህ ሠፈር የተረፈ ዘይት እሱ ብቻ ነው። ታዲያ እንግዳ ተቀምጦ ደረቅ ወጥ ይውጣ? እነሱስ ሰው አይደሉም?»

ያኔ አለቃዬ ያሉትን ሁሉ ገልጬ ተናገርሁ፤ ዘይት ሞልቷል ብዬ ከጻፍሁ ከዕደላው እንደሚወጡ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሴቶቹ ክብራቸውን ሲጠብቁ ዘይታቸውን ሊያጡ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሞጣ እህት አለችኝ፣ ዘውዴ ትባላለች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን የምታሳድግ ናት። እሷ ለማንም አታስመስልም። እሷ ጋ እረፊ» አሉኝ።

ቅዳሜ ወደ ሞጣ ተነሣን። መንገዱ አቧራው ብዙ ነው። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ጎማ ፈነዳና ጋሽ ደምሴ ሲቀይር እኔ ከአንዲት መንገደኛ የተቀበልሁትን ውሃ ጠጣሁ። ጋሽ ደምሴ «ተይ» ብሎኝ ነበር። ሞጣ ስንደርስ ሆዴ ይቆርጠኝ ጀመር፤ እትዬ ዘውዴ ቤት ስንገባ ትኩሳቱ ይዞኛል። ከመኪና ወርጄ ለሰላምታ ጎንበስ እንዳልሁ ደጃፏ ላይ አስታወክሁ።

እትዬ ዘውዴ ረጅም፣ ጠይም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። በብብቴ ይዛ አስገባችኝ። «እርስዎን ላስቸግር» ማለት ስጀምር «እርስዎ የሚባሉት ወንድሜ ናቸው፤ እኔ ዘውዴ ነኝ። ተኚ» አለችኝ። ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጥብጣ አመጣች። ድሬዳዋ ሆድ ሲታመም እሬት ይሰጡናል፤ መራራነቱ በሽታውን ያስረሳል። ተልባው ግን ለስላሳ ነው፤ ሲወርድ አንጀት ይዳስሳል። እሁድንና ሰኞን በተልባና በአጥሚት አለፍሁ። ልጆቿ በእግር ጣታቸው እየሄዱ ያልፉኛል። ጎረቤቶች እየመጡ ጸበል ይረጩኛል።

ማክሰኞ ተነሥቼ ከደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ። እትዬ ዘውዴ ሰፌድ ሙሉ ምስር ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «ከተሻለሽ ልቀሚ» አለችኝ። ለቀምሁ። ከዚያ ድስቱን ጠብቂ አለችኝ፤ እያወራሁ ሽሮው ገነፈለና «እጅሽ ሥራ አያውቅም እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። እናቴም እንዲሁ ነው የምትቆጣው። ደስ አለኝ።

ምሳ ሲቀርብ ከልጆቿ ጋር በአንድ ገበታ ተቀመጥሁ። ሽሮው መሃል ፈሰሰ። ምንም የሚያብለጨልጭ ነገር የለበትም። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ውሃ ነው። እትዬ ዘውዴ ይቅርታም አልጠየቀች፣ ፊቷንም አላዞረች፤ «ብሉ» አለችና ለራሷ ቆረሰች። ያን ጊዜ እንግድነቴ እንዳለቀ ገባኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ብዙ ጥሩ ምግብ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ሽሮ ያኮራኝ ግን የለም።

ከምሳ በኋላ ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኋት፤ «እትዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ድሮ አልነበረም» አለች። «ነይ ላሳይሽ።»

ከቤቱ ጀርባ ወዳለው እርሻዋ ወሰደችኝ። የታጨደ የጤፍ መሬት ነው። ዙሪያውን ብቻ ጥቁር የደረቀ የኑግ አገዳ ቆሟል፣ አንድ መስመር።

«እናቴ በነበረች ጊዜ ከወንዝ ማዶ አንድ ማሳ ሙሉ ኑግ ነበር። በመስከረም አገሩ ቢጫ ይሆናል፣ ዐይን ያማል። ለሁዳዴ አንድ እንስራ ይተርፋል። መሬቱ ለሰው ሲዳረስ የኛ ጠበበ። የሌለው አገኘ፣ ደግ ነው፤ አልከፋኝም። ግን የጠበበው ላይ የመንግሥት የጤፍ ኮታ መጣ። እንግዲህ ኑግ የት ይዘራ? ከብት ኑግ አይወድም፤ ስለዚህ ጤፉን እንዳይበሉት ዳር ዳሩን እንዘራዋለን። ኑጋችን አጥር ሆኖ ቀረ፣ ልጄ። የአጥር ዘይት ስንት ቀን ይበላል?»

አለቃዬ ከድሮ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል ብለው የላኩኝ ጥያቄ መልሱ እዚያ ቆሞ ነበር። የቢቸናዋን ጠርሙስ ታሪክ ነገርኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። «የሺ ናት ያንን ያደረገችው» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ «ተነሺ፣ ሚዛንሽን ያዢ» አለችኝ።

ያን ቀንና ቀጥሎ ባሉት ቀናት ከእሷ ጋር ቤት ለቤት ዞርን። በየደጁ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ይህች እንግዳ አይደለችም። እኔ ቤት ታማ የተነሣች ናት፤ ሽሮም አስገንፍላብኛለች። የምትበሉትን አሳይዋት።» ሴቶቹም ክዳኑን ይከፍቱልኛል። አንዳንዱ ቤት ጥቂት ተልባ፣ አንዳንዱ ቤት የሱፍ ፍትፍት፣ ብዙው ቤት ደረቅ ሽሮ። ከድስቱ ጋር ወሬውም ይከፈታል፤ ማን እንደወለደች፣ የማን በሬ እንደጠፋ። እኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ ድስት የሚከፍት ወይ ዘመድ ነው ወይ ሌባ። እኔ ዘመድ ሆኜ ከፈትሁ።

ስንመለስ ቢቸና ቆምን። ወይዘሮ የሺ ሴቶቹን ግቢያቸው ሰብስበው ቆዩኝ። መጀመሪያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ መሳቅ ስትጀምር ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የእውነቱን ያን ጊዜ ነገሩኝ። መሪጌታ ሲሸኙኝ «አሁን ደርሰሽበታል» አሉ፤ «ሰው የሚያቀርብልሽን ሳይሆን የሚበላውን ማየት ከፈለግሽ መሰንበት ነው።» ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ» አልኋቸው። «እንዴ፣ አሁን ደግሞ አራቅሽኝ» አሉ።

አዲስ አበባ አለቃዬ የጻፍሁትን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጎጃም ሄደሽ ደረቅ ሽሮ አበሉሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አልወደዱሽም ማለት ነው።»

«ዘይት ያበሉኝ ሳይወዱኝ በፊት ነው» አልኋቸው፤ የጠርሙሷንም የአጥሩንም ነገር ተረክሁላቸው። ብዙ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ሁለቱን አውራጃዎች ከዕደላው አላወጧቸውም።

ከጰራቅሊጦስ በኋላ ጋሽ ደምሴ ባሕር ዳር ሰው አድርሶ በሞጣ በኩል ተመለሰ። ቢሮ መጥቶ የእትዬ ዘውዴን ሰላምታ አደረሰኝ።

«ዘይቱ ደርሷቸዋል» አለኝ። «ለእንግዳ አስቀምጨዋለሁ በላት፣ መቼ ነው የምትመጣው ብላሻለች። እኔን በዶሮ ፋንታ በምስር ወጥ ተቀበለችኝ፤ ዓርብ ነበር። ወጡ በዘይት ዋኝቶ ነው የመጣው።»

ለቤተሰቡ እንዲሆን ያን ያህል የተሟገትሁበት ዘይት መሆኑን አስቤ አዘንሁ። «ልጆቹስ?» አልሁት።

«ልጆቹማ» አለ ጋሽ ደምሴ፣ «መኪና ሲያዩ ከሩቅ ነው እየሮጡ የሚቀበሉት። እንግዳ ሲመጣ አብረው ይበላሉ።»